የእንግሊዝኛ ከፍተኛ ቃላት ጥናት ለፈተና፤ ከጎጃም የግስ ትምህርት ጋር ተነጻጽሮ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ በሚገኙት ወረዳዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚከታተል ተማሪ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ከእጁ የማይለየው አንድ ደብተር አለ። ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ የአማርኛ ፍቺ ይጻፍበታል። ይህ ደብተር በእውነቱ መዝገበ ቃላት ነው። አዘጋጁ ተማሪው ራሱ ነው፤ ተጠቃሚውም እሱው ነው። በመዝገበ ቃላት ዝግጅትና በትርጉም ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ታላላቁን መዝገበ ቃላት ስንመረምርና ስንተች ይህን ትንሽ መዝገብ ግን ከቁም ነገር አስገብተን ስናየው አንገኝም። በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ የምንፈልገው የደብተሩን አሠራር፣ ጉድለቱ ከየት እንደ መጣና እዚያው ጎጃም ውስጥ ለዘመናት ሲሠራበት ከኖረው የግስ ትምህርት ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚታይ ነው።

ነገሩ ተራ የትምህርት ቤት ጉዳይ እንዳይመስል አስቀድመን ክብደቱን እናመልክት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና ከዚያም በላይ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። ስለዚህ በጎዛምን ወይም በደብረ ኤልያስ ገጠር በአማርኛ ማንበብን የለመደ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የጂኦግራፊውም መጽሐፍ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከአራት ዓመት በኋላ የሚቀርብለት ፈተናም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌላው ማካካስ ይቻል ነበር፤ አሁን ግን የሁሉም በር እሱ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በ2015 ዓ.ም. በተገለጸ ጊዜ በመላ አገሪቱ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የዚህ ውድቀት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቃላት ማነስ ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን ጥያቄውን ያልተረዳ ተፈታኝ መልሱን ያውቅ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ፈተናው ሊነግረን አይችልም። ከገጠር ወጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን በየሳምንቱ ከወላጆቹ ቤት እያመላለሰ ለተማረ ልጅ ይህ ልዩነት የሕይወት ልዩነት ነው።

ለመሆኑ «ከፍተኛ ቃላት» የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ዝርዝር ወደ 2,000 የሚጠጉ የእንግሊዝኛ የዘወትር ቃላት ተሰብስበዋል። እነዚህ ከማናቸውም ጽሑፍ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ። ከዚያ በኋላ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው የትምህርታዊ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል። የተውጣጣው በሥነ ጥበብ፣ በንግድ፣ በሕግና በሳይንስ ዘርፎች ከተጻፉ፣ በድምሩ ወደ 3.5 ሚሊዮን ቃላት ከሚሆኑ ጽሑፎች ሲሆን፣ ከትምህርታዊ ጽሑፍ ውስጥ ወደ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። በልብ ወለድ ጽሑፍ ግን ድርሻው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ «አሲውም»፣ «ኢቫሉዌት»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ኮንሲስት» የሚሉትን የመሰሉ ቃላት በጨዋታ መካከል የሚለመዱ አይደሉም፤ መኖሪያቸው መጽሐፍና የፈተና ወረቀት ነው። ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረበው ስሌት ደግሞ አንድን የተጻፈ ነገር ያለ ረዳት ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶውን ማወቅ ያሻል፤ ይኸውም ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦችን ማለት ነው። 98 በመቶ ማለት ከ50 ቃላት መካከል አንድ ብቻ የማይታወቅ ሲሆን ነው። ተማሪው ያለው ጊዜ አራት ዓመት መሆኑን ስናስብ ምርጫው የቱን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው።

የሚያሳዝነው ምርጫው በተቃራኒው የሚደረግ መሆኑ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ተማሪው «አፕቲቲዩድ» እያለ የሚጠራውን ክፍል ስለሚጨምር፣ በዚያም ውስጥ የተመሳሳይና የተዛምዶ ጥያቄዎች ስለሚገኙ፣ ተማሪው ደብተሩን የሚሞላው በሺህ ገጽ አንድ ጊዜ በማይገኙ ብርቅ ቃላት ነው። በየጥያቄው የሚደጋገሙትን 570ዎቹን ግን «አውቃቸዋለሁ» ብሎ ያልፋቸዋል። እውነትም የእያንዳንዳቸውን አንድ ፍቺ ያውቃል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

«ሪሌቲቭ» የሚለውን እንውሰድ። በደብተሩ «ዘመድ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስሕተት አይደለም። ይኸው ተማሪ በጂኦግራፊ «ሪሌቲቭ ሂዩሚዲቲ»፣ በፊዚክስ «ሪሌቲቭ ቬሎሲቲ» የሚሉትን ሲያገኝ ግን ዘመድ ምን ሊሠራ ከእርጥበትና ከፍጥነት መካከል እንደ ገባ አይገባውም። «ፕሮፐርቲ» ንብረት ነው፤ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ግን የውሃ ወይም የብረት ባሕርይ ነው። «ሶሉሽን» በሒሳብ መፍትሔ፣ በኬሚስትሪ አንድ ነገር የሟሟበት ፈሳሽ ነው። «ቮሊዩም» ለመጽሐፍ ቅጽ፣ ለዕቃ ይዘት፣ ለራዲዮ የድምፅ መጠን ነው። «ሰብጀክት» የትምህርት ዓይነት፣ በሰዋስው ባለቤት፣ በድርሰት ርእሰ ጉዳይ፣ በታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ለንጉሥ የሚገዛ ሰው ነው። «ክሪቲካል» ተቺ ነው፤ ሲሻው ወሳኝ፣ ሲሻው አስጊ ይሆናል። ለአንዱ ቃል አንድ ፍቺ የመስጠት ልማድ እነዚህን ሁሉ በመጀመሪያ በተገኘው ፍቺ ላይ ቸንክሮ ያስቀራቸዋል።

ሁለተኛው ጉዳት በተገላቢጦሹ የሚታይ ነው፤ ይኸውም ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ የአማርኛ ቃል ሥር መከማቸታቸው ነው። «ገመተ» የሚለው ግስ በተማሪዎች ደብተር ምን ያህል ሸክም እንደ ተጫነበት ያየ ሰው ያዝንለታል። «ኢስቲሜት» ገመተ፤ «አሲውም» ገመተ፤ «ፕረዲክት» ገመተ፤ «ኢንፈር» ገመተ፤ «ሰስፔክት» ሳይቀር ገመተ! «ኢስቲሜት» መጠንን ሳይለኩ በዓይን ወይም በሐሳብ መለካት ስለ ሆነ ገመተ ቢባል ትክክል ነው፤ የጎጃም ገበሬም የማሳውን ምርት ከመውቃቱ በፊት የሚገምተው እንዲሁ ነው። «አሲውም» ግን አንድን ነገር ሳይመረምሩ እንደ ተሰጠ ተቀብሎ መነሣት ነው። «ፕረዲክት» ገና ያልሆነውን አስቀድሞ መናገር ነውና ተነበየ የሚለው ይስማማዋል። «ሰስፔክት» ጠረጠረ ነው። አማርኛው ለእያንዳንዱ ቃል አለው፤ ደብተሩ ግን አልጠየቀውም።

«ኢንፈር» እና «ኢምፕላይ» የተለየ ትኩረት ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም ከምንባብ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚቋጠሩት በእነዚህ ሁለቱ ነው። አንዱ ጥያቄ ደራሲው ምን «ይምፕላያል» ይላል፤ ሌላው ከአንቀጹ ምን «ይኢንፈራል» ይላል (አማርኛችን እንዲህ ዓይነት ግስ ከማርባት ይሰውረን)። የመጀመሪያው የተናጋሪው ሥራ ነው፤ በግልጥ ሳይናገር በተናገረው ውስጥ ሌላ ነገር ያስቀምጣል። ሁለተኛው የሰሚው ሥራ ነው፤ ከተነገረው ተነሥቶ ያልተነገረውን ይደርስበታል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ዘንድ እነዚህ ሁለት ቃላት ዘወትር የሚምታቱ ናቸው። ጎጃሜው ተማሪ ግን ልዩነቱን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ከማንም የቀረበ ነው። ባለቅኔው ወርቁን በሰሙ ውስጥ ይሰውራል፤ ሰሚው ሰሙን ገልጦ ወርቁን ያወጣል። የባለቅኔው ሥራ «ኢምፕላይ»፣ የሰሚው ሥራ «ኢንፈር» ነው። ሰሚው በሰሙ ውስጥ የሌለውን ወርቅ አወጣሁ ቢል ጉባኤው እንደማይቀበለው ሁሉ፣ ፈታኙም በምንባቡ ውስጥ መሠረት የሌለውን መልስ አይቀበልም። ይህ ማብራሪያ ሦስት መስመር ቢወስድ ነው፤ «ገመተ» የሚለው አንድ ቃል ግን ዓመት ሙሉ ቢጠና አይሰጠውም።

ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ለትምህርታዊ ሐሳብ ድሀ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ አንስማማም። ተማሪው «ኢንክሪስ»፣ «ኢንሀንስ»፣ «ኤክስፓንድ»፣ «ኤክስቴንድ» የሚሉትን ሁሉ «ጨመረ» ብሎ ሲጽፍ፣ አማርኛው ጨመረ፣ አዳበረ፣ አስፋፋ፣ አራዘመ የሚሉትን ይዞ ከደጅ ቆሟል። ድህነቱ የፍቺ አሰጣጡ ነው። ጉዳቱም በፈተናው አያበቃም፤ በአንድ ፍቺ የተማረው ልጅ ነገ ጋዜጠኛ ወይም ተርጓሚ ሲሆን ያንኑ ፍቺ መልሶ ወደ አማርኛ ያስገባዋል። ዛሬ በየዜናው «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል የውጤትን፣ የግፊትን፣ የጫናንና የተሰሚነትን ቦታ ሁሉ ጠቅልሎ መያዙ ከዚህ የመጣ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

አሁን ወደ ግሱ ትምህርት እንለፍ። ጎጃም የቅኔ አገር መባሉ የታወቀ ነው። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች መካከል የዋሸራና የጎንጅ ቤቶች የተተከሉት በጎጃም ምድር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና ደብረ ኤልያስም በጉባኤያቸው ስማቸው የተጠራ ነው። ወደ እነዚህ ጉባኤያት ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣው ተማሪ የሚያደርገው ነገር በመሠረቱ የከተማው ተማሪ ከሚያደርገው የተለየ አይደለም፤ እሱም የአፍ መፍቻው ያልሆነን ቋንቋ ከፍተኛ ቃላት በአማርኛ ፍቺ ያጠናል። ግእዝ ማንም በቤቱ የማይነጋገርበት፣ በጽሕፈትና በጉባኤ ብቻ የሚኖር ቋንቋ ነውና፣ ከዚህ አንጻር ኮክስሄድ ከሰበሰበቻቸው ቃላት ጋር ይመሳሰላል።

መሣሪያውም ያው መዝገብ ነው። «ሰዋስው» ማለት መሰላል ሲሆን፣ በብራና ተጽፈው በደረሱን የሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ የግእዙ ቃል ይቀድምና ከእሱ ቀጥሎ «ብ» የምትል አንዲት ፊደል ትጻፋለች፤ «ብሂል» ማለት ነው። ከዚያ የአማርኛው ፍቺ ይከተላል። የደብረ ማርቆሱ ተማሪ በሁለቱ ዓምዶች መካከል የሚያሰምራት መስመር የዚህችው «ብ» ታናሽ እኅት ናት። እንግዲህ መሣሪያው አንድ ከሆነ የውጤቱ ልዩነት ከየት መጣ?

በመጀመሪያ፣ ግሱ በዘፈቀደ አይሰለፍም። ግሶች ሁሉ እንደ «ቀተለ»፣ እንደ «ቀደሰ» ባሉ አርእስት ሥር ይመደባሉ፤ ተማሪው የአንዱን ርእስ አካሄድ ካወቀ የብዙዎችን አካሄድ ያውቃል። የአርእስቱ ቁጥርና ስም ከቤት ወደ ቤት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ከዚያም አንዱ ግስ በአምስቱ አዕማድ ይረባል፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ አደራራጊ፣ ተደራራጊ እየተባለ። ስለዚህ ተማሪው የሚይዘው ነጠላ ቃል ሳይሆን ቤተሰቡን ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት ሊቃውንትም «የቃል ቤተሰብ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ 570 ተብለው የተቈጠሩት ቃላት ሳይሆኑ ቤተሰቦች መሆናቸውን ልብ ይሏል። በደብተሩ ግን «አናላይዝ» በአንድ ገጽ፣ «አናሊሲስ» በሌላ ገጽ፣ «አናሊቲካል» ፈተናው ሊደርስ ሲል በመጨረሻው ገጽ ላይ እንደ ባይተዋር ተበትነው ይገኛሉ።

ሁለተኛው አገባብ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱን ብቻ ይዞ አይቀርም፤ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብለው የተከፈሉትን አገባቦች አንድ በአንድ ይማራል። «እስመ»፣ «እንዘ»፣ «ባሕቱ» ምን ምን ፍቺ እንዳላቸው ብቻ ሳይሆን በየትኛው ቃል ላይ እንደሚወድቁና ምን እንደሚያስከትሉ ይነገረዋል። የእንግሊዝኛው ደብተር እነዚህን ጥቃቅኖች ይንቃቸዋል። «ሀውኤቨር» ግን፤ «ዌርአዝ» ግን፤ «ኔቨርዘለስ» ግን! ከሁሉም የባሰው «አንለስ» ነው። አማርኛ ይህን ሐሳብ የሚገልጠው «ካልዘነበ በስተቀር» ብሎ አፍራሹን ከግሱ ጋር አጣምሮ ነው። በእንግሊዝኛው ግን አፍራሹ በራሱ በ«አንለስ» ውስጥ ስላለ ግሱ አዎንታዊ ሆኖ ይቀራል። አማርኛውን ተከትሎ የሚሄደው ተማሪ አፍራሽ በአፍራሽ ላይ ጨምሮ ነገሩን ይገለብጠዋል። «ዲፔንድ» በ«ኦን»፣ «ኮንሲስት» በ«ኦቭ»፣ «ኮንትሪቢዩት» በ«ቱ» የሚሄዱ መሆናቸውም የአገባብ ጉዳይ ነው። የባዶ ቦታ ሙላ ጥያቄ የሚፈትነው ብዙ ጊዜ ትልቁን ቃል ሳይሆን ይህችን ትንሿን ተከታይ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጥ የሚመስለን፣ ቆጠራው ነው። የቅኔ ተማሪ ያጠናውን ግስ ይዞ ወደ ሜዳ ወይም ወደ ዛፍ ሥር ይወጣና ቅኔ ይቈጥራል። በሁለት ቤት በሚያልቀው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይወጣል። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናዋል፤ ቃሉ ያለ ቦታው ከገባ እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ ቃሉ ከመዝገብ ወደ አፍ ሳይውል ሳያድር ይሻገራል። የከተማው ተማሪ ግን ቃሉን ከደብተሩ አውጥቶ የራሱን ዓረፍተ ነገር የሚሠራበት፣ ሠርቶም የሚያቀናለት ሰው የሚያገኝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ፈተናው ምርጫ የሚቀርብበትና በመሣሪያ የሚታረም ስለ ሆነ መጻፍን አይጠይቅም፤ ተማሪውም ያልተጠየቀውን አይሠራም። ያልተሠራበት ቃል ግን በፈተናው ቀን ሲታይ የሚታወቅ ይመስላል እንጂ ከጎረቤቱ አይለይም።

ይህን ስንል የቅኔ ቤቱን ሥርዓት እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል እናግባ ማለታችን አይደለም። ግእዝና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ፊደላቸውም አንድ ነው፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን ከአነባበቡ ጋር ዘወትር ይጣላል። የቅኔ ተማሪ ዓመታትን ያሳልፋል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ተማሪ ሌሎችም ትምህርቶች አሉበት። ደግሞም በግስ ቤት ለቃል ጥናት የሚሰጠው ጊዜ ሁሉ በማስተዋል የሚያልፍ አይደለም፤ ድምፁን ይዞ ፍቺውን የሚስት ደቀ መዝሙር በየጉባኤው ይገኛል። ቢሆንም ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር የሚቻል መሆኑን የጎጃም ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በሌሎችም የጎጃም ጉባኤያት የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ ነበር በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት፤ በኋላም በዲፕሎማሲ ሥራ በዋሽንግተንና በለንደን አገልግለዋል።

በሥርወ ቃል በኩልም የሚገኝ ረድኤት አለ። ከትምህርታዊ ቃላት አብዛኞቹ ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ናቸው። «ስፔክት» የሚለው የላቲን ሥር ማየትን ያመለክታል፤ «ኢንስፔክት»፣ «ፐርስፔክቲቭ»፣ «ስፔክትረም» በሚሉት ውስጥ አለ። አማርኛም «ፐርስፔክቲቭ» ለሚለው «አንጻር» ሲል ከግእዙ «ነጸረ»፣ አየ ከሚለው ማውጣቱ ነው፤ መነጽርም ከዚያው ነው። «ፎቶሲንተሲስ» ለሚለው የተሠራው «ብርሃን አስተፃምሮ» እንዲሁ ከእንግሊዝኛው ጋር ክፍል በክፍል ይገጥማል፤ «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሲንተሲስ» ማጣመር፤ «ፀመረ»ም ማያያዝ ነው። ይህን የስያሜ ቃል በመካከለኛ ደረጃ ተምሮ የነበረ ልጅ ክፍሎቹ ተፈትተው ቢነገሩት ኖሮ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ እንግሊዝኛው እንግዳ ባልሆነበት ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የአማርኛው ስያሜም ሳይፈታ በቃል ይሸመደዳል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ እንግዳ ይሆናል። ሥርወ ቃል መያዣ እንጂ ፍቺ አለመሆኑን ግን ማስጠንቀቅ ይገባል። «ሪስፔክት» ውስጥ «ስፔክት» አለ ብሎ ማክበርን ወደ ማየት የሚመልስ ተማሪ ይሳሳታል።

ከጣሊያንኛና ከሌሎችም ልሳናት ወደ አማርኛ የገቡት ቃላትም ወጥመድ ናቸው። ፋብሪካን የለመደ ጆሮ «ፋብሪክ» ሲሰማ የኢንዱስትሪ ሕንፃ ይታየዋል፤ በእንግሊዝኛው ግን ጨርቅ ነው። ፖስታ ለእኛ የደብዳቤ ማስገቢያው ወረቀት ሲሆን «ፖስት» ግን ሹመትም፣ ምሰሶም፣ ደብዳቤ መላክም ነው። እንዲህ ያሉት ቁጥራቸው ትንሽ ስለ ሆነ ተሰብስበው በአንድ ገጽ ቢሰጡ ይበቃል።

በእጃችን ያሉት መዛግብት ለዚህ ተማሪ ምን ያህል ይደርሱለታል? አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ለትምህርት ቤት የቀረበና የተመሰገነ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቮልፍ ሌስላው መዝገብ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን በመተርጐሙ ከላይ ላነሣነው ችግር ትክክለኛውን መንገድ ያሳየ ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ለምሁራን እንጂ ለደብረ ማርቆስ ተማሪ ኪስ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ያወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የሙያ ቃላትን ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ «አሲውም» እና «ኢንፈር» የማናቸውም ሙያ ስላልሆኑ ቦታቸው ሌላ ነው። የጎደለው እንግዲህ በመካከል ያለው ነው፤ ለሁሉም ትምህርት የሚያገለግሉትን ጥቂት መቶ ቤተሰቦች ብቻ የያዘ፣ በእያንዳንዱ ትምህርት ያላቸውን ፍቺ ለይቶ የሚሰጥ፣ ትንሽ መጽሐፍ። የአንዱ ቃል አቀማመጥ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሪሌቲቭ»፦ ስም ሲሆን፣ በሥጋ ወይም በጋብቻ የተሳሰረ ሰው፤ ዘመድ። ቅጽል ሲሆን፣ አንጻራዊ፤ ከሌላ ነገር ጋር ሲተያይ ብቻ የሚታወቅ። በፊዚክስ፦ በአውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ መንገደኛ ከጎኑ ለተቀመጠው የማይንቀሳቀስ ነው፤ በመንገድ ዳር ለቆመው እረኛ ግን የሚሮጥ ነው። በጂኦግራፊ፦ በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት አየሩ በዚያው ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ጋር ሲተያይ። በሰዋስው፦ በአማርኛ «የመጣው ልጅ» ሲባል «የ» የምትሠራውን የሚሠራ ሐረግ፤ በግእዝ «ዘ»። ቤተሰቡ፦ «ሪሌት» አዛመደ፤ «ሪሌሽን» ዝምድና፤ «ሪሌቲቭሊ» በአንጻሩ ሲታይ። አገባቡ፦ «ሪሌት» ከ«ቱ» ጋር ይሄዳል።

በዚህ አቀማመጥ ዘመድ የሚለው የመጀመሪያ ፍቺ አልተጣለም፤ ከወንድሞቹ ጋር ተቀመጠ እንጂ። በአማርኛ የሒሳብ መጻሕፍት «ሪሌሽን» ዝምድና መባሉም እንግሊዝኛው ከዘመድ ወደ አንጻራዊ የሄደበትን መንገድ አማርኛው በራሱ እግር የሄደው መሆኑን ያሳያል። መዝገቡ ቃሉን በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ብቻ ሳይሆን ድምፁንም በፊደላችን ቢያሳይ ይረዳል። ለምሳሌ «ስትራክቸር» የሚለውን ተማሪው መነሻ ላይ «እ» ጨምሮ «እስትራክቸር» ማለቱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ ያሉት ፊደላት ሳድስ ሆነው እንዲነበቡ ምልክት ማድረጉ ይበጃል። ጥብቀትን በነጥብ እንደምናመለክት ሁሉ ለእንግሊዝኛው የድምፅ ክብደትም አንድ ምልክት መወሰን ያሻል፤ የትኛው ምልክት ይሁን የሚለውን በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ በአዊ የሚማረው ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአውኛ ሊጀምር ይችላል። ለእሱ አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ «ኢንፈር»ን ገመተ ብለን ስንሰጠው «ገመተ»ን እንደገና ወደ አውኛ ሊመልሰው ነው። አውኛ ከኩሽ ቤተሰብ ስለ ሆነ በግእዝና በአማርኛ መካከል ያለው የሥር ዝምድና እዚያ አይሠራም፤ የ«ነጸረ» እና የ«አንጻር» ምሳሌያችንም ለዚህ ልጅ ሁለት እንግዳ ቃላት ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉ ከተዘጋጀ ሦስተኛ ዓምድ ሊኖረው ይገባል። የዚያ ዓምድ ፍቺ ደግሞ ከአማርኛው ተተርጉሞ ሳይሆን በቀጥታ ከእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ፣ አውኛን በሚገባ በሚያውቁ ሰዎች የሚጻፍ መሆን አለበት።